እንግዳ አብሳሪዋ የእሳት እራት

ክንፏ አመድ የተነፋበት የሚመስል የእሳት እራት ኮምቦልቻ ቤቴ ገብታ አምፖሉን ስትዞር ሳቄ መጣ። በደርግ ጊዜ እዚሁ አቅራቢያ ደጋን ከተማ ይኖሩ የነበሩት አክስቴ ዘይነባ እንዲህ ያለችዋን አያስነኩም ነበር። «ተዋት፣ እንግዳ አብሳሪ ናት! መርሀባ!» ይላሉ።

እሳቸው ቤት ሳለሁ አንድ ክረምት ፋኖሳችንን የወረሩት የእሳት እራቶች ግን ለካ የተምች እናቶች ኖረዋል። ብዙም ሳይቆይ ትሉ ከደጋን እስከ ደሴ ዙሪያ ማሽላውንና በቆሎውን ሙልጭ አድርጎ በላ፤ ባቄላውንና ጫቱን ግን ዞር ብሎም አላየው።

አንድ ካድሬ ከደሴ መጣና ምሳችንን እየበላ፣ «እናቴ፣ ምነው የትሉን መምጣት ቀድመው ሳያመለክቱ ቀሩ?» አላቸው።

አክስቴ ወጥ እየጨመሩለት፣ «ወላሂ፣ እንግዳ እንደሚመጣስ አውቄ ነበር» አሉ። «እንግዳው ትሉ ይሁን አንተ ግን የእሳት እራቷ አልነገረችኝም።»

እኔም የዛሬዋን አልገደልኳትም። ይኸው በሩ ሲንኳኳ ለመክፈት እያመነታሁ ነው።