ቅጠሉ ምን ቀለም ሆነ?

የትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ሠራተኛ ጠዋት ጠዋት አንድ ሳህን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሣሉ። ሳህኑ ላይ በአልኮል ተቀቅሎ አረንጓዴ ቀለሙን የለቀቀ፣ አዮዲን ጠብ የተደረገበት ቅጠል አለ። ቅጠል በብርሃን ስኳር ይሠራል፤ የተረፈውን ስታርች አድርጎ ያኖረዋል፤ ስታርቹ አዮዲን ሲነካው ይጠቁራል።

«እህ ልጆች፣ ምን ቀለም ሆነ?»

«ጋሼ ደግሞ! እያዩት ሊፈትኑን!» ይስቃሉ ተማሪዎቹ።

እሳቸው የሚያዩት ጭጋግ ብቻ ነው። አዲሷ መምህርት ለጡረታ ስንብታቸው ጥቂት መስመር እንድትጽፍ ታዛ ስትመጣ፣ ባዶ ክፍል ውስጥ ያንን ለመጠጥ ያልተሠራ አልኮል ሲጎነጩ አገኘቻቸው።  ኮቴዋን ሲሰሙ ጠርሙሱን በጋዋናቸው እጅጌ ጋረዱት፤ ወዲያው ግን መደበቁ ሰለቻቸው መሰል፣ ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ሐኪሙ ዓይንህ አይመለስም ብሎኛል» አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ወሬ የሚያወራ ይመስል ነበር። «ስለ ሥራዬ የፈለግሽውን ጻፊ፣ ልጄ። አልኮሉን ግን ተዪው። ለሚስቴ ዓይኔን ያጠፋው ስኳር በሽታ ነው ብያታለሁ። እኔን እንዳያምረኝ ብላ እሷም ሻይዋን ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው።»