ዝም ያሰኘሁት ማስጠንቀቂያ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ሌላውን ሁሉ ስናዘዝ ይህን ዘልዬዋለሁ። ሰቆጣ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪሽያን ነኝ። የሞተር ኮምፒውተር በላፕቶፕ ከፍቶ የሚያስተካክል በከተማው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ ይህም አኩርቶኝ ነበር።

ጓደኛዬ አያሌው ከጋዝጊብላ ሰቆጣ በሚኒባስ ሰው ያመላልስ ነበር። አንድ ቀን ተማርሮ መጣ።

«አቀበቱ ላይ ቀዩ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራና ጉልበቷ ይጠፋል። ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይቀድመኛል። ምን ሆና ነው?»

ላፕቶፔን ሰካሁ። ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል፤ ኮምፒውተሩም እንዳይቃጠል ብሎ ነው ጉልበቱን የሚቀንሰው። ለምን እንደሚግል ሁለት ቀን ፈለግሁ፤ አጣሁት። «አላወቅሁም» ማለት ምን ነበረበት? አፌ እንቢ አለ። ሶፍትዌሩን ከፈትሁና መብራቱን የሚያበራውንም፣ ጉልበት የሚቀንሰውንም ትእዛዝ አጠፋሁ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። በነዚህ ጣቶቼ።

«ኮምፒውተሩ ነው የሚዋሸው፤ አስተካክዬልሃለሁ» አልሁት። መርቆኝ ሄደ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አቀበቱን ጨርሶ ቁልቁለቱን ሲጀምር ሞተሩ ቀጥ አለ። መሪው ከበደ፣ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ደረቀ፣ መኪናዋ ኩርባው ላይ ገደል ገባች። ሌሎቹ ቆስለው ተረፉ። ከፊት የተቀመጠችው ሚስቱ ትርንጎ ሞተች።

ስብርባሪውን እንድመረምር የጠራኝ ትራፊክ ፖሊሱ ነው። ሞተሩ ተቃጥሏል፣ መስታወቱ ረግፏል፣ የትርንጎ ነጠላ ወንበሩ ላይ ደርቆ ተጣብቋል። ባትሪ ሳገናኝለት ግን ኮምፒውተሩ ነቃ። ከዚያ ሁሉ ስብርባሪ መሀል እሱ ብቻ በሕይወት ነበር። «ብልሽት የለም» ብሎ ጻፈልኝ። እኔ ያስተማርሁትን ነው የመለሰልኝ። የሚያውቀኝ መሰለኝ።

«ምን ይላል?» አለ ፖሊሱ።

«ብልሽት የለም ይላል።»

ከዚያ ወዲህ ሰው ያን ኩርባ ፈራው። የሚይዝ ነገር አለበት ተባለ። ካህናት ጠበል ሲረጩበት እኔም ከሰው ጋር ቆሜ አማተብሁ። በምን እጄ?

ትርንጎ አርባዋ እንደወጣ አያሌው ጋራዤ መጣ። ጥቁር ለብሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ወንድሜ፣ መብራቱ በርቶ ሳላየው ቀርቼ ይሆን? ወይስ አንዳች ነገር ዓይኔን ጋርዶኝ?»

«ይሆናል» አልሁት።

መኪናዋን ያበላሸሁት ባለማወቅ ነው እንበል። ይህን ቃል ግን እያወቅሁ ተናገርሁ።

ዛሬ አያሌው መሪ አይነካም። መንገድ ላይ ቀይ ነገር ባየ ቁጥር፣ የሴት ቀሚስም ይሁን የልጅ ጃንጥላ፣ ቀጥ ብሎ ይቆምና ያገኘውን ሰው «ይህ ለአንተም ይታይሃል?» ይላል። እኔንም ሁለት ጊዜ ጠይቆኛል። «ይታየኛል» ብዬው አለፍሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የእናንተ አይደለም። ይቅር ማለት የሚችለው አያሌው ነው። እሱ ደግሞ ያን ኩርባና የገዛ ዓይኑን ሲከስስ ይኖራል እንጂ፣ እኔን መክሰስ እንዳለበት አያውቅም።