የጉመርን ብርድ ፍለጋ

ሐሙስ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፤ ፒያሳ

ከደብረ ዘይት አልፌ ሄጄ አላውቅም። ይህን ስል የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ከፒያሳ እስከ ስድስት ኪሎ ባሉ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ ፏፏቴ፣ ተራራና ሐይቅ ስስል ሃያ ዓመት ሆኖኛላ። ሁሉንም ከካላንደር ነው የገለበጥኩት። የሰፈር ልጆች «ቀለሟ» ይሉኛል። ዛሬ ቀለሟ ቦርሳዋን አንግታ፣ ዓይኗ ገና ሳይገለጥ፣ ምኒልክ አደባባይ ቆማ ታክሲ ትጠብቃለች። ማልዶ መነሳት እንዴት እንደምጠላ የሚያውቅ ሰው ቢያየኝ ምን ነካት ይል ነበር።

የነኩኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው። ክትፎ ቤታቸው ድሮ ከእኔ ሱቅ ጎን ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ እሳቸው አንድ አዲስ ሕንፃ ምድር ወለል ላይ ገቡ፤ ግድግዳው ነጭ፣ ወለሉ የሚያንሸራትት። ከድሮው ቤት ይዘው የመጡት ባንኮኒውንና ከጀርባው ሚስማር ላይ የሚሰቅሉትን ጋቢ ነው። ጋቢውን የሚያወርዱት ማታ ወደ ቤት ሲሄዱ ብቻ ነው፤ ቀን ቀን ከወጥ ቤቱ በሚወጣው ሙቀት ሸሚዛቸውን ከፍተው ይውላሉ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሁለት መስቀል አገራቸው ጉመር ሳይሄዱ ቀሩ። ለጉራጌ ሰው መስቀልን አዲስ አበባ መዋል ምን ማለት እንደሆነ ፒያሳ ያደገ ያውቀዋል። «እኔ መሄድ ካልቻልኩ አገሬ ትምጣልኝ» አሉና ትልቁን ግድግዳ ሰጡኝ።

ልጃቸው ደስታ ከላከልኝ የስልክ ፎቶ ላይ ሳልኩላቸው። እንሰቱ ያብለጨልጫል፣ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ፀሐይ ደግሞ ከራሴ ጨመርኩ፤ ደንበኛ ፀሐይ ይወዳል። ጋሽ ወልዴ በከዘራቸው ተደግፈው አዩትና፣ «ቆንጆ ነው። ግን የሌላ ሰው አገር ነው» አሉኝ።

«ምን ጎደለው?»

«ብርድ የለውም፣ ልጄ።»

ተናደድኩ። ደስታማ ቀድሞውንም የስዕሉ ነገር አልገባውም፤ ቦታው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ልስቀል አለ። እስከ ሰኞ ምሳ ሰዓት ታገሰኝ ብዬ ለመንኩት። የመጀመሪያ ስዕሌን ነጭ ቀለም ቀብቼ አጠፋሁትና ይኸው መንገድ ጀመርኩ። ብርድ እንዴት እንደሚሳል ግን አላውቅም። ሁለት ቱቦ ሰማያዊ ቀለም ይዣለሁ።

ሐሙስ፣ ረፋድ 5 ሰዓት፤ ወልቂጤ

ከአየር ጤና የተነሳው አውቶቡስ ቱሉ ቦሎ ላይ ጤፍ መሐል ገባ። ቢጫ፣ ግራ ቀኙ ሁሉ ቢጫ። እኔ ጤፍ የማውቀው በጆንያ ነው። አንገቴ እስኪጣመም በመስኮት አየሁ፤ ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ፣ «ምነው፣ የጠፋብሽ ነገር አለ?» ብለው ጠየቁኝ።

ወልቂጤ ወርጄ ፉል በላሁ፤ በርበሬው ያስለቅሳል። ወደ ጉመር የሚወጣው ሚኒባስ ሹፌር ቀጭን፣ ቀልደኛ ሰው ነው። ከኋላው ተቀምጬ ስስል በመስታወት ያየኛል።

«እህቴ፣ ለምን ጉዳይ ነው?»

«ብርድ ልስል።»

«ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ብርዱን ሲሸሸው እንጂ ሲፈልገው አላየሁም» አለ። «ግድ የለም፣ የፈለግሽውን ያህል ውሰጂ። አያልቅብንም።»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ከዚያ ዳገቱ ጀመረ። ባሕር ዛፉ አለፈ፣ እንሰቱ በዛ፣ ጭጋግ መጣ። ማንም ሳይናገር መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ሰዉም ከየከረጢቱ ጋቢና ሹራብ እያወጣ ለበሰ። እኔ ብቻ በስስ ጃኬት ቀረሁ። አራዳ ነኝ ባይ ፋራ ሆኜ ገባሁ።

ሐሙስ፣ ማምሻውን፤ ጉመር

የጋሽ ወልዴ ታናሽ ወንድም ጋሽ ተክሌ መንገድ ድረስ ወጥተው ተቀበሉኝ። ቤታቸው ጀፎረ ዳር ነው፤ ጀፎረ ማለት በሁለት ረድፍ ጎጆዎች መሐል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ፣ የመንደሩ መንገድም አደባባይም ነው። እንዲህ ያለ ቦታ እዚሁ አገሬ ውስጥ መኖሩን ሳላውቅ አርባ አምስት ዓመት ኖርኩ። አፈርኩ፣ ደስም አለኝ።

ጎጆው ውስጥ መሐል ላይ እሳት ይነዳል፤ ከግርግዳው ወዲያ ላሞቹ ያመሰኳሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቄ ትኩስ ቆጮ አወጡ፤ ጎመኑን ከተፍ ከተፍ አድርገው አይቤ በላዩ በተኑበት። «ብዪ እንጂ፤ ስዕሉ ይደርሳል» ይሉኛል። አንድ እጄ ያጎርሰኛል፣ አንድ እጄ ይስላል። እሳቱን ሳልኩ፣ ላሞቹን ሳልኩ፣ የወይዘሮ ወርቄን ፊት ሳልኩ። ገልጬ ሳየው ሁሉም ይሞቃል።

«ጋሽ ተክሌ፣ አልሆነልኝም» አልኳቸው።

«ቤት ውስጥ ምን ብርድ አለ?» አሉ። «ጠዋት እቀሰቅስሻለሁ።»

ዓርብ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት

በሩን ስከፍት የማታው ሳህን ነው የጠበቀኝ፤ ጎመን በአይቤ። ጥቁር አረንጓዴው ሣር ላይ ውርጩ ብትን ብሏል፣ እስከ ጀፎረው ጫፍ ድረስ። የእንሰቱ ቅጠል ጠርዙ ተቃጥሎ ያረረ የቆጮ ጫፍ መስሏል። በፎቶው ላይ ይሄ አልነበረም፤ ለካ የተላከልኝ የመስቀል ሰሞን ፎቶ ነው።

በነጩ ላይ አንድ የእግር ዳና አለ፤ ከእኛ ደጅ ተነስቶ ጀፎረውን አቋርጦ ጎረቤት ይገባል። ጋሽ ተክሌ ናቸው፤ እኔን ቀስቅሰው የጎረቤታቸውን እርጉዝ ላም ሊያዩ ሄደዋል። ሲመለሱ ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው፣ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰብስበው ነበር። ፀሐይ የለችም። እርሳስ መያዝ እስኪያቅተኝ ጣቴ ደነዘዘ፤ እየሳልኩ ሳቅኩ። ሰማያዊውን ቀለም ክዳኑንም አልከፈትኩት።

ሰኞ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል፤ ፒያሳ

ዓርብ ማታ ተመልሼ ቅዳሜና እሁድ ከመሰላል አልወረድኩም። አሁን ደስታ ቴሌቪዥኑን ከነካርቶኑ ይዞ ቆሟል። ጋሽ ወልዴ ሸሚዛቸውን እንደከፈቱ መጡ፤ ወንበር አቀረብኩላቸው። ንጹሕ ብሩሽ በጨርቅ እጠርጋለሁ።

«እንሰቱ ተቃጥሏል» አሉ።

«ውርጭ ነው።»

«ውርጭ መሆኑንማ አውቃለሁ።» በከዘራቸው ጫፍ ዳናውን ተከተሉት። «ማን ነው እንዲህ በማለዳ ከእኛ ደጅ የወጣው?»

«ጋሽ ተክሌ ናቸው። የጎረቤት ላም ሊያዩ።»

«እሱ ድሮም እንቅልፍ የለውም።»

ከዘራቸውን አውርደው ግድግዳውን ማየት ቀጠሉ። የምሳ ሰው መግባት ጀመረ፤ ወጥ ቤት ቅቤ ይነጠራል፣ እኔን ላብ አጥምቆኛል። ፈራሁ። ደስታ ካርቶኑን ከፍ አደረገ።

አስተናጋጇን «አንቺ ሰላም» ብለው ጠሯት፣ ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳያነሱ። «እስቲ ጋቢዬን አምጪልኝ።»

ከሚስማሩ አውርዳ ሰጠቻቸው። እስከ ጆሯቸው ተከናነቡ፣ እጃቸውንም ወደ ውስጥ ሰበሰቡ። ደስታ አባቱን አየ፣ እኔን አየ፤ ከዚያ ካርቶኑን ይዞ ወደ ጓዳ ገባ።