ለላሊበላ የተሰናዳ ስንቅ

የተቆላ ገብስ ሲፈጭ ከሸተተኝ ዛሬም እግሬ አንድ ቦታ አይረጋልኝም። በቀደም ገንዳ ውሃ ከተማ ወፍጮ ቤት በር ላይ ቆሜ፣ ባለወፍጮው "እህቴ፣ ተራሽ ደርሷል እኮ!" እስኪለኝ ድረስ በሐሳብ ጭልጥ ብዬ ነበር።

ያኔ ገና ኮረዳ ነበርኩ። ታላቅ ወንድሜ ለሥራ ወደ ሱዳን ተሻግሮ ድምፁ ጠፋ። እናቴ "ልጄን መልስልኝ እንጂ በእግሬ መጥቼ እሳለምሃለሁ" ብላ ለላሊበላ ተሳለች። ክረምቱ ሲወጣ ወንድሜ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ከሰው ማውራት ጠልቶ መጣ። እናቴም ለገና ለመድረስ ስንቋን ማሰናዳት ጀመረች። አብሬያት የምሄደው እኔ ነበርኩ።

ከቆላ ወጥቼ አላውቅም። ቤት ውስጥ የበሶው ገብስ ሲቆላ፣ ውጭ ሰሊጥ የጫነ መኪና ሲያጓራ፣ እኔ ጋቢዬን አጥፌ መልሼ እፈታለሁ። እግሬ እንዲጠነክር ጫማዬን ጥዬ በሚፋጀው አፈር ላይ እመላለሳለሁ። ለሰሊጥ አጨዳ መጥቶ የከረመ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ሊመራን የተስማማ አንድ ወሎዬ ነበር። እያየኝ ይስቃል። "እማማ፣ ይችን ልጅ ይያዙልኝ፤ መንገድ ቀስ ላለው ነው የሚያልቅለት" ይላታል እናቴን።

ልንነሳ ዋዜማውን እናቴን ወባ ጣላት። ጥርሷ እየተንገጫገጨ "ስለት አያድርም፣ አንሡኝ" ትላለች። የንስሐ አባታችን መጥተው ግንባሯን ዳሰሱ።

"የተሳልሽለት ልጅ ይሂድልሽ" አሏት። "እግዜር ጨካኝ አይደለም።"

ወንድሜ ከተቀመጠበት ጥግ ተነሣ። ከመጣ ወዲህ እንዲያ ቀጥ ብሎ ሲቆም አላየሁትም። "እሄዳለሁ" አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እታለም፣ እማን ማን ያስታምማት?"

የቋጠርኩትን ስንቅ ራሴ ትከሻው ላይ አንጠለጠልኩለት።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሜንና ወሎዬውን እስከ ጎንደር መንገድ ሸኘኋቸው። በኋላ ወንድሜ ተሳልሞ በሰላም ገባ፤ እናቴም ዳነች፤ እኔ ግን ላሊበላን እስከ ዛሬ አላየሁም። ያን ጠዋት ይህን ሁሉ አላውቅም። ፀሐይዋ ገና አልከረረችም፣ የሰሊጡ ነዶ ይሸታል። ነጫጭ ነጠላቸው ኩርባው ላይ እስኪሰወር ቆምኩ። እግሬ ጥቂት ተከተላቸውና ተመለሰ።

ቤት ስገባ እናቴ ዓይኗን ገለጠች።

"ሄደ?"

"ሄደ።"

ከዚያ የጋለ እጇ ብርድ ልብሱን እየዳበሰ እጄን ፈለገው።

"አንቺስ፣ ልጄ?"

"አለሁ፣ እማ" አልኳት።