በጾሙ ያልተዋጠው ኪኒን

በ2011 ዓ.ም.፣ ዐቢይ ጾም የገባ ሰሞን ነው። ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩትም፤ ለባሌም፣ ለልጄም። ለእናንተ መናገሬ የመጀመሪያዬ ነው።

ልጄ የኔዓለም ያኔ ዐሥር ዓመቷ ነበር። ክፍል ውስጥ አትረጋም፤ መምህሯ ሲጽፍ የእሷ ዓይን መስኮት ላይ ነው። ጤና የሚያጠኑ ሰዎች ወደ ትምህርት ቤቱ መጡ። ትኩረት ለሚያንሳቸው ልጆች ኪኒን እንደሚሰጡ፣ ኪኒኑ ጥርስ ይጎዳ እንደሆነም በራጅ እንደሚያዩ ነገሩን። ፈረምኩ።

አስቀድመው ፍኖተ ሰላም ወስደው ጥርሷን ራጅ አነሷት። ከላይ ደህና የሚመስለው መንጋጋዋ ሥሩ መግል ቋጥሮ ተገኘ። እነሱው አስነቀሉላት። ለካ ልጄ ስትታመም ኖራለች፤ እኔ እናቷ አላወቅሁም። እነዚያን ሰዎች እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ከዚያ ኪኒኑን ሰጡኝ። ጠዋት ጠዋት፣ ምግብ ከበላች በኋላ፤ ካረፈደ እንቅልፍ ይነሳታል አለችኝ አብራቸው የመጣችው ሲስተር። በሰጠችኝ ወረቀት ላይም በየቀኑ ምልክት እንዳደርግ አሳየችኝ።

በሳምንቱ ጾም ገባ። የኔዓለም በዚያ ዓመት ከእኔ ጋር እስከ ስድስት ሰዓት መጾም ጀምራለች፤ ደስ ብሏት። እንዴት በጠዋት ላስገድፋት? የንስሐ አባቴን ብጠይቅ በአንድ ቃል ይፈቅዱልኝ ነበር። አልጠየቅሁም። ለሲስተሯ አልሆነልኝም ብላት ምን ትለኝ ነበር? ምናልባት ምንም። ግን የልጄን ጥርስ ላዳኑልኝ ሰዎች እንቢ ማለት ከበደኝ። ኪኒኑን ሳጥን ውስጥ፣ ከልብስ ሥር አኖርኩ። ወረቀቱ ላይ ምልክት አደረግሁ። ዋሸሁ። በየጠዋቱ ዋሸሁ።

ልጄ ደግሞ ረጋች። ጥርሱ መነቀሉ ይሆን? ጾሙ ይሆን? ጸሎቴ ይሆን? ያኔም ግራ ገባኝ፣ ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው። ኪኒኑ እንዳልሆነ ብቻ አውቃለሁ።

ደብረ ዘይት እንዳለፈ የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። ሲስተሯ አስነሳችኝና ስለ ኪኒኑ ጠየቀችኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ረድቷታል አልኩ። ተጨበጨበልኝ።

ጎረቤቴ ስመኝ ከኋላዬ ተቀምጣ ነበር። የእሷ ልጅ ብዙአየሁም ኪኒኑን ጀምራለች። ስመኝ ቄሱን አስፈቅዳ፣ በጠዋት እያበላች፣ በእውነት ትሰጣታለች። ስንመለስ መንገድ ላይ ክንዴን ያዘችኝ።

«እታለም፣ የእኔዋ እኮ እህል እንቢ ካለች ሰነበተች። ከሳችብኝ፣ ቀሚሷ ሰፋት። ላስቆማት ነበር። የአንቺዋ ትበላለች?»

«ትበላለች።»

«ኪኒኑን እየዋጠች?»

«አዎ።»

«እኔ ነኛ ፈሪዋ!» ብላ ሳቀች። «አንቺን ባላገኝ ነገ ልጥለው ነበር።» ጉንጬን ሳመችኝ።

ለምን እውነቱን አልነገርኳትም? አፍ አልነበረኝም? ብዙአየሁ ኪኒኑን እስከ ሆሣዕና ዋጠች። አንድ ቀን ሰልፍ ላይ ወደቀች፤ ያኔ አስቆሙላት። በኪኒኑ ይሁን በሌላ፣ ያወቀ የለም። ቀስ በቀስ አገገመች። ዛሬ ልጃገረድ ናት፤ ስታገኘኝ ጎንበስ ብላ ትስመኛለች። ስመኝም ምክር ሲያሻት አሁንም ወደ እኔ ትመጣለች። ያ ወረቀት በእነዚያ ሰዎች ጥናት ውስጥ ገብቷል። በእሱ ተማምና ኪኒኑን ለልጇ የሰጠች ሌላ እናት ትኖር ይሆን?

ባለማወቄ ነው አልልም። ለጾሙ ብዬ ነውም አልልም፤ ጾሙ ዋሺ አላለኝም።

ከስብሰባው በማግስቱ ጠዋት ያደረግሁትን ልናገርና ላብቃ። የኔዓለም ሳትቀምስ ደብተሯን ይዛ ስትወጣ፣ ወረቀቱን አውጥቼ ምልክት አደረግሁ። ከዚያ ሽሮ ፈትፍቼ ስመኝ ቤት ሄድኩ። ከብዙአየሁ አጠገብ ተቀምጬ፣ ኪኒኗን እንድትውጥ፣ አንድ ጉርሻ ብቻ ብዬ ለመንኳት። ፊቷን አዞረች። እንደገና ለመንኳት።