በተቃጠለው ሜዳ ላይ አንድ ዙር ጎልፍ

አሶሳ ውስጥ ጎልፍ እንጫወታለን ስል ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ። ሜዳችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከማንጎ ዛፎቹ ማዶ ያለ ሰፊ የሣር መሬት ነው። ክረምት ላይ ሣሩ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ላም ብትገባበት ቀንዷ እንኳ አይታይም። በበጋ ይደርቅና ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ያለው መሬት ጥቁር ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሲረግጡት ጭስ የመሰለ አመድ ይነሳል። አባቴ ሣሩ እስኪቃጠል ይጠብቅና የጎልፍ ዱላውን ይዞ ይወጣል። በር የለው፣ ዘበኛ የለው፣ የአባልነት መታወቂያ የሚጠይቅ የለ።

አባቴ በልጅነቱ ከወሎ በሰፈራ የመጣ ሰው ነው። ጎረምሳ ሲሆን አዲስ አበባ ሄዶ፣ መንዳት እስኪማር ድረስ፣ የጎልፍ ተጫዋቾችን ሻንጣ እየተሸከመ ኖሯል። ተመልሶ ሹፌር ሆነ፤ ወደ ግድቡ ስሚንቶ ሲያመላልስ ስንት ዓመት ከረመ። የሚያውቀው አንድ መሐንዲስ ወደ አገሩ ሲገባ ሦስት ዱላና አንድ ከረጢት ኳስ ትቶለት ሄደ። አባቴ ባዶ የቲማቲም ጣሳዎች መሬት ውስጥ ቀበረ፣ በየጣሳው አጠገብ ቀርከሃ ተከለ፣ ጫፉ ላይ ፌስታል አሰረ። ሜዳው ይኼ ነው።

ያን ቅዳሜ ግን እናቴ ልካኝ ነበር የሄድኩት።

የአባቴ የአክስት ልጅ ሚኒባስ ገዝቶ፣ አባቴ ከሰኞ ጀምሮ ሰው እየጫነ ባምባሲ እንዲመላለስ ተስማምተዋል። አባቴ ሥራ ከፈታ ቆይቶ ስለነበር ቤታችን ውስጥ የሚወራው ይኸው ብቻ ሆነ። አርብ ማታ እናቴ ልብስ የሚሰጣበት ጋ ጠራችኝ።

«አባትሽ ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ቀዳው» አለችኝ።

«ታዲያ ዓይንህ ምን ሆነ በይዋ።»

«አልኩት። እንደ ጭልፊት ነው የማየው አለኝና ሳቀ። አንቺ ነገ አብረሽው ተጫወችና እይልኝ። የማያይ ከሆነ ንገሪው። መቼም የአንቺ አፍ ሰው አይፈራም።»

እውነቷን ነው። አስራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ አንድ ቦታ አልረጋሁም። ስልክ ቤት ተቀጥሬ፣ ለደንበኛ «ይሄ እኮ ኮፒ ነው» ስላልኩ ተባረርኩ። አፌን እንደ ጉድለት ሲቆጥሩት ኖረው፣ ሲቸግራቸው ሊልኩት መጡ።

ጠዋት ወጣን። በዚያ ወቅት አሶሳ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኗ ከጭሱ ጋር ይደባለቅና ሁሉም ነገር በስስ መጋረጃ ጀርባ ያለ ይመስላል። ኮረብታዎቹ አሉም፣ የሉምም። ጥቁሩ ሜዳ ላይ ስንራመድ የእግራችን ድምፅ አይሰማም ነበር። እኔ ዝግ ያለ ነገር አልወድም፤ እዚያ ሜዳ ላይ ስሆን ግን ጥድፊያዬ ከየት እንደሚጠፋ አላውቅም። እየተራመድኩ አንቀላፍቼ እየተራመድኩ የምነቃ ነው የሚመስለኝ። የመጀመሪያው ጣሳ ጋ እስክንደርስ ድረስ ለምን እንደመጣሁ ረስቼው ነበር።

አባቴ ሲመታ ያምራል። ትከሻው ይዞራል፣ ዱላው ያፏጫል፣ ኳሷ ጠቅ ብላ ትነሳለች። አናቱን ቀና አድርጎ ይከተላታል።

«ጥሩ ሄደች» ይላል።

ከዚያ እኔን ያስቀድመኛል። «አንቺ ወጣት ነሽ፣ ቅደሚ።» ቀድሜ ሄጄ ኳሷ ጋ እቆማለሁ፣ እሱ ወደ እኔ ይመጣል። ወደ ጣሳው ሲሆን ደግሞ «ቀርከሃውን ያዥልኝና አንኳኪው፣ ንፋሱ ፌስታሉን አጣጥፎታል» ይለኛል። ንፋስ አልነበረም። አንኳኳሁለት። ኳሷ ጣሳው አጠገብ መጥታ ቆመች። ታዲያ ይኼን ሰው አያይም ይሉታል? ግን ኳሷን በዓይኑ አልፈለጋትም፣ የት እንዳለችም አንዴ አልጠየቀኝም፤ የሚመጣው እኔ ወደቆምኩበት ነው። ይኼ ነው ልቤን የከነከነኝ።

ከሜዳው ዳር እርሻ ያላቸው የበርታ አዛውንት ቀርከሃ ተሸክመው ሲያልፉ ቆም አሉ። ሁሌም ቆም ይላሉ።

«አሰላሙ አለይኩም። ዛሬም እንቁላል ይመታል?»

«ወአለይኩም ሰላም ሼካችን» አለ አባቴ። «ዛሬም።»

«ይሄ እንቁላል ምን አጠፋ?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ አባትህን ሥራ ስጠው።»

«ሼካችን፣ ሴት ነኝ እኮ፣ ‹አንቺ› ይበሉኝ።»

«እሺ አንተ» አሉኝ።

አባቴ እስኪያስለው ሳቀ። እሳቸውም ቀርከሃቸውን አስተካክለው፣ ከነፈገግታቸው ጭሱ ውስጥ ገቡ።

«ሥራማ አገኘሁ» አለ አባቴ፣ ከሄዱ በኋላ። «ሰኞ ጠዋት መናኸሪያ ነኝ። ወላሂ፣ መሪው እጄ ላይ ይታየኛል።»

ደስ ብሎት ስለነበር የእናቴን መልእክት ዋጥኩት።

ሣር ሲቃጠል ከሥሩ የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ የቀንድ አውጣ ቅርፊት። እሳቱ ያነጣዋል። ጥቁሩ ሜዳ ላይ እዚህም እዚያም፣ በቀን የወጣ ኮከብ ይመስላል። አንዳንዱ ልክ ኳስ ያክላል። ሦስተኛው ጣሳ ላይ ቀድሜው ሄጄ ኳሳችንን አገኘኋት። አጠገቧ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ አንድ ቅርፊት ነበር። ጎንበስ ብዬ ኳሷን አንስቼ ኪሴ ከተትኩ። ይኼን ያደረገው እጄ ነው፤ እኔ ገና አላሰብኩበትም ነበር።

አባቴ መጣ። እግሩን አስተካክሎ ቆመ። ቅርፊቱን አየው፣ ወይም አየሁ ብሎ አሰበ።

«አመድ ነክቷታል?»

«ንፁህ ናት» አልኩት።

ዱላውን ወደ ኋላ ወሰደና መታ። ጠቅ አላለም። እንደ ደረቅ እንጀራ ነገር ፍርክስ አለ፣ ነጭ ዱቄት ብን ብሎ ሱሪው ላይ አረፈ። አባቴ ግን አናቱን ቀና አደረገ። ምንም የሌለበትን ሰማይ ከዚህ እስከዚያ ተከተለው።

«ጥሩ ሄደች» አለ።

እና መራመድ ጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀደመኝ። ኳሷን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ከኋላው ስከተል፣ ሮጬ ላልፈው፣ ፊት ለፊቱ ልጥላት፣ «ይቺት አባ፣ እዚህ ነበረች» ልለው እችል ነበር። ማንም አያውቅም። ሰኞም መናኸሪያ ይሄዳል። ሚኒባሱ ውስጥ ግን አባቴ ብቻውን አይሆንም። ልጅ ያዘለች ሴት ትኖራለች። ተማሪ ይኖራል። የባምባሲ መንገድም ይኼን ጊዜ በጭስ ተሸፍኖ ነው የሚውለው።

«አባ» አልኩት።

ቆመ።

«የመታኸው ቀንድ አውጣ ነው። ኳሷ እኔ ጋ ናት።»

አልዞረም። ዱላውን መሬት ላይ ተክሎ ተደገፈው። ከሩቅ የሆነ አህያ ሲያናፋ ይሰማ ነበር።

«አውቄዋለሁ» አለ። «ድምፁ ሌላ ነው።»

«ታዲያ ለምን ጥሩ ሄደች አልክ?»

«ምን ልበል?» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ፤ ከአመዱ ይሁን ከሌላ አልጠየቅኩትም። «እናትሽ ናት የላከችሽ?»

«አዎ።»

«እኔም ብሆን አንቺን ነበር የምልከው።» ትንሽ ሳቀ። «የዓይን ሞራ ይመስለኛል። የፊት ለፊቱ ሁሌ ጭስ ነው። መጀመሪያ የአምናው የበጋ ጭስ ነው ብዬ ነበር፤ ክረምት ሲገባም አልለቀቀኝም።»

«ሞራ እኮ ይነሳል። ሐኪም ቤት እንሂድ።»

«አብሽሪ፣ እንሄዳለን።»

«ሰኞስ?»

በዱላው ጫፍ አመዱን ቆረቆረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስምንት ነገር ተናግሬ ነበር።

«ለባለ መኪናው እኔ ልንገረው?» አልኩ መጨረሻ ላይ።

«አንቺማ ተይ፣ ታስደነግጪዋለሽ።» ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋልኝ። «ቁጥሩን አውጪልኝ።»

አውጥቼ ሰጠሁት። ሰላምታው ማለቂያ አልነበረው፤ ልጆቹ፣ ሚስቱ፣ ጎረቤቱ፣ ማንጎው። ከዚያ ድምፁን ሳይቀይር፣ «ስማኝማ፣ ሰኞ ሌላ ሹፌር ፈልግ። ዓይኔ ከድቶኛል» አለ። በስልኩ ውስጥ የአክስቱ ልጅ ሲጮህ ሰማሁ፤ ከትናንት ጀምሮ ለተሳፋሪ ሲናገር መዋሉን፣ አሁን ምን እንደሚላቸው። አባቴ እሺ፣ እሺ፣ እውነትህን ነው እያለ እስከ መጨረሻው ሰማው። ሲዘጋ ትከሻው ወርዶ ነበር። ጭሱ ቀጠን ብሎ ኮረብታዎቹ ብቅ ማለት ጀምረዋል፤ እሱ ግን ወደዚያ አላየም።

«ቤት እንግባ?» አልኩት።

«ዙሩ አላለቀም እኮ።»

ኳሷን በቀሚሴ ጠርጌ እግሩ ሥር አስቀመጥኩለት። ዱላውን ጨበጠና ጎንበስ አለ፤ መሬቱን ግራና ቀኝ ቃኘ።

«የት ናት?» አለኝ።

ነገርኩት።