በጣና ወደብ የተቀኘኋት ቅኔ

በጠላት ዘመን ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሄድሁት ለሽርሽር ነው። ይህን የሚለው የይለፍ ወረቀቴ እንጂ እኔ አይደለሁም። ያለ ወረቀት ከከተማ መውጣት ክልክል ስለ ነበር የጣልያኑ አስተርጓሚ ዘንድ ቀርቤ «ሐይቁን፣ ወደቡንና የዓባይን ፏፏቴ ለማየት ነው» አልሁት። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«በዚህ ዘመን? ደግሞስ በዚህ እግር?»

«እግሬማ ምንም ሳያይ ሊያረጅ ነው፤ ለሱ ብዬ ነው» ስለው ሳቀና ማኅተሙን መታልኝ። ያን ጊዜ ሃምሳን ዘልያለሁ፤ ቀልዴ ግን ገና ጥርሱን አላበቀለም ነበር።

እውነተኛው ጉዳዬ ታናሽ ወንድሜ አበጀ ነው። አበጀ አርበኛ ነበር። አገራችን ቁይ ያለውን ቤቱን ለሚስቱ ለውዴ ትቶ፣ ከባሕር ዳር ማዶ ዘጌ ጫካ ውስጥ ከርሟል። ጠላት «መሣሪያውን ይዞ ለገባ ምሕረት ተደርጎለታል» ብሎ አዋጅ ሲያስነግር ቤቱ ናፈቀውና «ልግባ ወይስ ልቅር?» ብሎ ለውዴ ላከባት። ውዴ ግን ባንዶች ቤቷን ከበው አድፍጠው እንደሚጠብቁት ደርሳበታለች። ከሱ በፊት አዋጁን አምነው የገቡ ሁለት ሰዎችም የት እንደ ደረሱ አልታወቀም። ይህን ልትነግረኝ ከቁይ ደብረ ማርቆስ ድረስ በእግሯ መጣች።

«አያ ተገኘ፣ ሂድና አፍ ለአፍ ንገረው። አትምጣ በለው። ሌላ ነገር አትጨምርበት።»

«ምን እጨምራለሁ?»

«አውቅሃለሁ እኮ! አንተ ደህና ዋሉ ለማለትም ዙሪያ ጥምጥም ትሄዳለህ።»

በስሚንቶ ላይ

የተሳፈርሁት የጭነት መኪና ላይ፣ ከስሚንቶ ከረጢት አናት ነው። አምስት ሊሬ ከፈልሁ፤ መንገዱ ደግሞ ወገቤን በነጻ አሸልኝ። አማኑኤል ስንደርስ ለውኃ ቆምን። አንድ ሽማግሌ ገበሬ በሬዎቹን አቁሞ ትኩር ብሎ አየኝ። ከጢሜ እስከ ጉልበቴ ነጭ አቧራ ሆኛለሁ።

«ጌታው፣ ጣልያን ሆነው ነው ወይስ ዱቄት ተደፍቶብዎ?»

«ጣልያን ብሆን ከላይ እቀመጥ ነበር? ጋቢና ነበር የምገባው!»

ሳቀና አንድ ዳቦ ቆርሶ ወረወረልኝ። ደምበጫን፣ ቡሬን አልፈን ዳንግላ አደርን። ደጋው እየወረደ፣ አየሩ እየሞቀ፣ ጋቢዬ ከትከሻዬ ወደ ክንዴ፣ ከክንዴ ወደ ጉያዬ እየተሰደደ፣ በማግስቱ ከቀትር በኋላ ባሕር ዳር ገባን።

ወደቡ

እኔ የጮቄ ምንጭ ጠጥቼ ያደግሁ ሰው፣ ማዶ የሌለው ውኃ አይቼ አላውቅም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጣልያኖች ድንጋይ ክበው ወደብ ሠርተዋል። ባለ ሞተር ጀልባ እህል ታራግፋለች፤ ወታደሮች የሚገባውንና የሚወጣውን «ወዴት? ከየት?» ይላሉ። ከዋርካው ሥር መኮንኖቹ አግዳሚ ወንበር አስቀምጠው ሐይቁን እያዩ ይናፈሳሉ። እኔም ከነሱ ራቅ ብዬ፣ የተጠበሰ ዓሣ በቅጠል ይዤ ተናፈስሁ። አንድ አጥንት ጉሮሮዬን ያዘኝና ለጥቂት ሽርሽሬ ሐዘን ሊሆን ነበር።

ወደ ዘጌ የሚሻገር ባለ ታንኳ አገኘሁ፤ ስሙ እሸቴ ነው። ወንድሜን አበጀን ፈልጌ እንደ መጣሁ በጆሮው ሹክ አልሁት። ታንኳው ደንገል ከሚባል የሐይቅ ዳር ሣር የታሰረ ነዶ ነው። ገብቼ ስቀመጥ ውኃው ከሥሬ ፈለቀ።

«ቀዳዳ ነው!» ብዬ ጮኽሁ።

«ደንገል ነው አባቴ። ቂጥ ያረጥባል እንጂ አይሰምጥም።»

ያኔ ከሸምበቆው መካከል ጉማሬ አናፋ። እንዴት እንደ ወጣሁ አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት የወደቡ ድንጋይ ላይ፣ አንድ ጫማዬን ታንኳው ውስጥ ትቼ ነው። እሸቴ ሳቁን እንደ ምንም ውጦ ጫማዬን አቀበለኝ።

«ከቀሩ መልእክት ካለዎ ይንገሩኝ። አበጀን አውቀዋለሁ፤ ስንቅ የማቀብለው እኔ ነኝ። በግልጥ ይንገሩኝ፣ ሆዴ ጥብቅ ነው።»

ወታደሮቹን አየሁ። ቢመረምሩትስ? አልሁ። ይህ ሰበብ ነው። ሰውዬው እየደጋገመ ተሻግሯል፤ ማንም ጆሮውን ጎትቶ አላወጣጣውም። እውነቱ፣ ፈርቼ መቅረቴ አሳፍሮኝ ነውሬን በብልሃት ልሸፍን ፈለግሁ።

«ወንድምህ ‹ቁይ ይሻልሃል› ብሎሃል በለው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ለሱ ይገባዋል።»

እሸቴ ራሱን ነቀነቀና ቀዘፈ።

ቅኔ ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጬ፣ ቅኔው ሳይገባኝ ቅማሉ ሲገባኝ ጥዬ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሰሙ አገራችን ቁይ ናት፤ ወርቁ «ቆይ፣ ይሻልሃል» ነው። ሰሚ ቢመረምር አገር ያገኛል፣ ወንድሜ ቢመረምር ምክር ያገኛል ብዬ ነው። ኅብሩ እንኳ አንካሳ ነበር፤ አንዷ ካዕብ ሌላዋ ሳብዕ፣ የኔታ ቢሰሙኝ በኩርኩም ያስተካክሉኝ ነበር። እኔ ግን በራሴ ተደንቄ ወደ ዓሣዬ ተመለስሁ።

ጢስ ዓባይ

መልእክቱ ከሄደ ምን ቀረኝ? በማግስቱ በቅሎ ተከራይቼ ወደ ጢስ ዓባይ ወረድሁ። ከሩቅ ጢሱ ታየኝ፣ ቀጥሎ መሬቱ ከበቅሎዋ ሆድ ሥር ይንቀጠቀጥ ጀመር። ውኃው ከገደሉ ሲወረወር የተፈታ ነጭ ኩታ ይመስላል፤ በላዩ ቀስተ ደመና ተጋድሟል። ጉሙ ፊቴን ሲያረጥበኝ ጋቢዬን ተከናነብሁ፤ ባለ በቅሎው «ክረምት ገባ እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። እዚያው መንደር አደርሁ፤ ጧት ደግሞ እንደ ገና ሄጄ አየሁት። እውነቱን ለመናገር፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬ ሳስበው የሚያመኝም ይኸው ነው፤ እኔ ቀስተ ደመና ስቆጥር አበጀ በአዴት በኩል አድርጎ ወደ ቤቱ እየገሰገሰ ነበር።

መልስ

ደብረ ማርቆስ ስገባ ውዴ ቤቴ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። የገዛሁላትን የደረቀ ዓሣ አላየችውም።

«አገኘኸው?»

«ላክሁበት።»

«ምን ብለህ?»

ነገርኋት። ሰሙን ነገርኋት፣ ወርቁን ልፈታላት አፌን ስከፍት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ቁይ ይሻልሃል? ቁይ እኮ ቤቱ ነው!»

«ወርቁ...»

«አበጀ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ሞፈር ነው የጨበጠው! የምን ወርቅ?»

ሲነጋ ተነሥተን ገሰገስን። ቁይ ወደ ማታ ደረስን። አበጀን ያን ዕለት ጧት፣ በሩን እንኳ ሳያንኳኳ ይዘውታል። ጎረቤት እንደ ነገረን እጁን ሲያስሩት «ወንድሜ ነው እኮ ይሻልሃል ያለኝ» ብሏል። በጭነት መኪና ወሰዱት። ጠላት ከወጣም በኋላ ከእስር የተመለሰውን ሁሉ ጠየቅሁ፤ አየሁት የሚል አልተገኘም።

ፏፏቴውን ለማየት ባልዘገይ ሁለት ቀን እቀድመው ነበር። ታንኳው ላይ ብቀመጥ ደግሞ የሚረጥበው ቂጤ ብቻ ነበር። ጉዞው ያስተማረኝ፣ «አትምጣ» የምትል ቃል ቅኔ ሳያስፈልጋት ሙሉ መሆኗን ነው። ሰው ባሕር ዳርን ልይ ሲለኝ «ሂድ፣ እይ፣ ያምራል» እላለሁ፤ ከዚህ የረዘመ አልናገርም።

ውዴ አንድ ቀን እንኳ ወቅሳኝ አታውቅም። በዓል ሲመጣ ትጠራኛለች፣ ከሁሉ በላይ ታስቀምጠኛለች። በአንድ መንደር አብረን ስላደግን አንተ ነበር የምትለኝ። ከዚያች ማታ ወዲህ አንቱ አለችኝ። ዘመድ ሁሉ እንዴት ብታከብረው ነው ይላል።